ትንፋሽ ያጠረው አልቃሽ

ዛሬ ጠዋት ስሙን እንኳ ለማላውቀው ሰው አለቀስኩ። አለቀስኩ ስል፣ «አለቀሰ» ተባልኩ ማለቴ ነው። እኔስ ትንፋሼን እየፈለግሁ ነበር። ግን ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ትንፋሹን የሚፈልግ ሰውና ሟቹን የሚፈልግ ሰው ሲያዩአቸው አንድ ናቸው። ሁለቱም ደረታቸውን ይይዛሉ፣ ሁለቱም ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ፣ ሁለቱም ሲጠይቋቸው አይመልሱም። ይህን በዚህ ዕድሜዬ ገና ዛሬ መማሬን ለባለቤቴ ለአስካለ ብነግራት፣ «አንተ ምን ጊዜም ትምህርት የሚገባህ ከወደቅህ በኋላ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዛሬ ግን አልወደቅሁም፤ ሰዎች በግራና በቀኝ ደግፈውኝ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ሥሩ ሳንባዬ ነው።

እኔ ከሸዋ ወደ አሰላ የመጣሁት ከወፍጮ ጋር ነው። ባለወፍጮው ሞተሩን በካሚዮን ጭኖ ሲያመጣ እኔንም አብሮ ጫነኝ። መንገድ ላይ ዝናብ ሲመጣ ሞተሩን ሸራ አለበሰው፤ እኔን ዝናቡ መታኝ። ከሁለታችን ማን እንደሚበልጥ ያን ዕለት አወቅሁ። ከዚያ ወዲያ የአርሲን ገብስና ስንዴ ስፈጭ ኖርኩ። ዱቄቱን ባለቤቱ በጆንያ ይዞት ይሄዳል፤ ብናኙን የሚወስደው ስለሌለ እኔ እወስደዋለሁ። ከወፍጮ ቤት ስወጣ ፀጉሬ፣ ቅንድቤ፣ ጢሜ ነጭ ነው። እውነተኛው ሽበት በመጣ ጊዜ ልብ ያለው ሰው አልነበረም፤ እኔም ብሆን ታጥቤ አልለቅ ሲለኝ ነው ያወቅሁት። ውጭ ያለው ብናኝ በውኃ ይለቃል። ውስጥ የገባውን ማን ገብቶ ይጠበው? ተቀመጠ፤ ቤቱ አደረገው። ዛሬ ደረቴ ውስጥ እሱ ባለርስት ነው፣ እኔ ጭሰኛ ነኝ።

ሰው ሁሉ ሲተነፍስ ይውላል፤ ግን «ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልክ?» ቢሉት «ስተነፍስ» አይልም። እኔ እላለሁ። ጫማዬን ማሰር ለእኔ ሥራ ነው፤ አንዱን አስሬ አርፋለሁ፣ ሌላውን ሳስር የመጀመሪያው ተፈትቶ ይጠብቀኛል። ከሁሉ የከፋው ሳቅ ነው። ጥሩ ቀልድ ሲመጣ «ቆዩኝ፣ ቁጭ ልበል» እላለሁ፤ እኔ ተዘጋጅቼ ስጨርስ ሌላው ስቆ ጨርሶ ወደ ቁም ነገር ገብቷል። ከዚያ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ሰው ያፍርልኛል።

የሚናፍቀኝ ግን ሳቁም ጫማውም አይደለም። የሚናፍቀኝ መጮህ ነው።

ከከተማው ጥግ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ አንድ ትልቅ ኮሶ ዛፍ አለ። ከሥሩ ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ሌላ አፋፍ አለ፤ በዚያ አፋፍ ላይ ደግሞ ኦቦ አማን አለ። ኦቦ አማን ገብሱን በአህያ እየጫነ ወንዙን ተሻግሮ የሚያስፈጭ ገበሬ ነበር። የተዋወቅነው በጠብ ነው። ዱቄቴ ጎደለ ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ጋቢዬን አውልቄ በሩ ላይ ሳራግፈው ብናኙ እንደ ጉም ተነሣ። «የጎደለው ይኸው፤ እኔ ላይ ነው ያለው» አልኩት። ትንሽ አየኝ፣ ከዚያ ሳቀ። ሲስቅ አህያው ሁሉ ደነገጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜን ለውጦ «አባ ዳኩ» አለኝ፤ ዳኩ በእነሱ ቋንቋ ዱቄት ነው። ጋቢዬን ባራገፍኩ ቁጥር «ተው! የእኔን ዱቄት ነው የምታራግፈው!» ይለኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ አህያውን ሳይጭን ከማዶ አፋፉ ላይ ይቆምና ይጣራል።

«ያ አባ ዳኩ! አከም ቡልቴ?»

እንዴት አደርክ ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ከኮሶው ሥር ቆሜ፣ «ነጋ! ነጋ!» እላለሁ፤ ሰላም ነኝ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖሬ ኦሮምኛዬ የሸዋን አፍ አልለቀቀም። ኦቦ አማን ተሻግሮ ሲመጣ ይቀልድብኛል። «ኦሮምኛህ ወንዙን ሲሻገር ይረጥባል መሰለኝ፤ እኔ ዘንድ ሲደርስ ብርድ ይዞት ነው።»

ታዲያ ምን ያደርጋል! እሱ በስተርጅና ፈረስ እጋልባለሁ ብሎ ወድቆ ጭኑ ተሰበረ፤ ወንዙን መሻገር ቀረ። እኔ ደግሞ ሳንባዬ እንዲህ ሆነ፤ አፋፉ ድረስ መሄድ ቀረ። እሱ ድምፅ አለው፣ እግር የለውም። እኔ እግር አለኝ፣ ትንፋሽ የለኝም። ሁለታችንን የሚገጣጥም ባለሙያ ቢገኝ አንድ ደኅና ሽማግሌ ይወጣን ነበር።

እሱ ግን መጥራቱን አልተወም። ነፋሱ ከማዶ ሲነፍስ ድምፁ አልጋዬ ድረስ ይመጣል። እኔ ትራስ ተደግፌ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ።

«ምን አልክ?» ትለኛለች አስካለ።

«ምንም።»

ያለፈው ቅዳሜ ገበያ የመጣ ጎረቤቱን ላከብኝ። መልእክቱ ይኸው ነው። «ሞቶ ከሆነ ንገሩኝ፣ ዱዓ ላድርግለት። ካልሞተ ይመልስልኝ። የሚመጣው ቅዳሜ እጠራለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ለገደል አልጮህም።»

አስካለ ነገሩ ቀላል መሰላት። «ደኅና ነው በሉት ብለህ ላክበት፤ አለቀ።»

«አስካለ፣ አንቺ ደግሞ! የሞተ ሰው ሁሉ መርዶው እስኪነገር ድረስ ምን ይባላል?»

ታውቃለች። በዚህ አገር ዘመድ ሲሞት ለሩቅ ሰው በአንድ ጊዜ አይነገርም፤ «ደኅና ነው፣ ትንሽ አሞት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል» እየተባለ ይቆይና አንድ ቀን ማለዳ ሽማግሎች በር ላይ ይሰበሰባሉ። የእናቷን መርዶ ስትረዳ እኔ ራሴ ነበርኩ «ደኅና ናት» እያልኩ የሰነበትኩት። ኦቦ አማንም የዚሁ አገር ሽማግሌ ነው። በሰው አፍ «ደኅና ነው» ብዬ ብልክበት፣ ያን ጊዜውኑ ጥምጥሙን አስተካክሎ ለዱዓ ይቀመጣል። የእኔ በሕይወት መኖር በእኔ አፍ ካልሆነ የሚያምነው የለም።

ደግነቱ ትምህርት ጀምሬያለሁ። አስተማሪዬ ሐኪም ቤት ያለችው ሲስተር ብርነሽ ናት፤ ከሐረር ተዛውራ የመጣች፣ ቁመቷ አጭር፣ ትእዛዟ ረጅም። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ደረቴን አዳምጣ፣ «አባባ፣ ሳንባዎ አዲስ አይሆንም» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ልታደርጊልኝ ነው?»

«በቀረው መኖር ላስተምርዎ ነው።»

«የቀረው ይበቃኛል?»

«ለሚሮጥ ሰው አይበቃም። ለሚያጉረመርምም አይበቃም። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ይበቃል።»

አየሩን በአፍንጫዬ እንድስብ፣ ከዚያ ከንፈሬን አሹዬ ቀስ ብዬ እንድለቀው አሳየችኝ። ትኩስ አጥሚት እንደማበርድ፤ ግን አጥሚቱ እንዳይረጭ። ፉ…። በዚያ ላይ በየቀኑ መሄድ አለብኝ፤ ከትናንቱ ትንሽ አልፎ። ሳልደክም ማረፍ። እየሄድኩ አለማውራት። ከማንም ጋር አለመሽቀዳደም።

ክረምቱ ሲወጣ ጀመርኩ። መጀመሪያ እስከ አጥሬ፣ ቀጥሎ እስከ ጎረቤቴ በር፣ ቀጥሎ ወፍጮ ቤቱን በሩቁ ዞሬ እስከ ጋሪ ማቆሚያው። ቤት ስመለስም በራፍ ላይ ተቀምጬ ፉ… ፉ… እላለሁ። አስካለ አንድ ቀን ቆማ አየችኝና፣ «ሰውዬ፣ ባዶውን ከምታበርድ አጥሚቱን ላምጣልህ?» አለች። ቢሆንም እሷም ሳታየኝ ስትሞክረው ይዣታለሁ፤ ምጣድ ላይ አይደለም፣ ጎረቤት ስትቆጣት ነው። ንዴት ያበርዳል አለችኝ።

እንግዲህ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ኮሶው ድረስ ገና ሄጄ አላውቅም፤ ቢሆንም መሄድ አለብኝ። ጋሪ እንዳልይዝ መንገዱ ወደ አፋፉ ጋሪ አያስኬድም። ጋቢዬን ደርቤ፣ ምርኩዜን ይዤ፣ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ወጣሁ። የጭላሎ ተራራ ብርድ ገና አልለቀቀም፤ አፌን በጋቢው ጫፍ ሸፍኜ፣ ሲስተር እንዳለችው ቀስ። ጋሪ ማቆሚያውን አለፍኩ። ቁጭ ብዬ አረፍኩ። ተነሣሁ። እንዴት ያለ አካሄድ መሰላችሁ! ሲስተር ብርነሽ ብታየኝ ለሌሎቹ በሽተኞች ታሳየኝ ነበር።

ከዚያ ከኋላዬ አንዲት እንጨት የተሸከመች አሮጊት መጣች። በዕድሜ ከእኔ የምታንስ አትመስለኝም፤ ጀርባዋ ላይ ያለው ጭነት ደግሞ ከእኔ ይበልጣል። ስታልፈኝ ዞር ብላ አየችኝና፣ «አይዞዎት አባቴ፣ ይበርቱ!» አለችኝ።

ይበርቱ! ይህች ቃል እዚህ ደረቴ ላይ፣ ብናኙ መሐል፣ ሄዳ ተቀመጠች። ምን ልበላችሁ፣ እግሬ በራሱ ጊዜ ፈጠነ። ደረስኩባት። አለፍኳት። ማለፍ ብቻ ሳይሆን ዞር ብዬ፣ «እርስዎም ይበርቱ እናቴ!» አልኳት። ተሽቀዳደምኩ፣ እየሄድኩ አወራሁ፣ ሳልደክም ማረፍ ሲገባኝ ሳላርፍ ደከምኩ። የሲስተርን ትእዛዝ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። ትንፋሹም ያ የመጨረሻው ነበር።

ዓለም ጠበበችብኝ። ፊት ለፊቴ አንድ ግቢ፣ ግቢው ውስጥ ዳስ፣ ዳሱ ውስጥ ረጅም አግዳሚ ታየኝ። አግዳሚ ያየ ሳንባ ማን አግዳሚውን እንደሠራው አይጠይቅም። ገብቼ ተቀመጥኩ፣ አንገቴን ደፋሁ፣ ደረቴን ያዝኩ፤ ፉ… ፉ…

ቀና ስል ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ለቅሶ ቤት ኖሯል! የሟቹ ሣልስት ነው። ሟቹ፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ ሰው ብዙም የማይወደው የቅቤ ነጋዴ ነበር። የተሰበሰበው ሁሉ ዓይኑ ደርቆ፣ አንዱ ስለ ዝናብ፣ ሌላው ስለ ቡቃያ ሲያወራ ነው የደረስኩት። በመሐል እትዬ ድንቄ የምትባል አልቃሽ ቆማለች። ሦስት ቀን ሙሉ ግጥም ስታፈስ አንድ እንባ ያላገኘች ሴት፣ እኔን ስታይ ፊቷ በራ። ነጠላዋን አገደመች፤ በትንፋሼ ልክ ጀመረች፤

«እዩት ሽማግሌው ትንፋሽ አጠረው፣
የሟቹ ደግነት ደረት ሰበረው።»

ፉ… እላለሁ፤ ትቀበለኛለች። ፉ… እላለሁ፤ ትጨምራለች። «አይደለም» ለማለት እጄን ሳወዛውዝ ደረቱን ሊመታ ነው ብለው ያዙኝ። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ስለ ቡቃያ ሲያወራ የነበረው ሰውዬ እንኳ ዓይኑን ጠረገ። አንዷ በእፍኜ ሙሉ ንፍሮ አስቀመጠችልኝ። ንፍሮ አፍ ውስጥ ካለ አየር በየት ይገባል? ይዤው ተቀመጥኩ።

የሟቹ ወንድም፣ አቶ ተሰማ የሚሉት፣ መጥቶ አጠገቤ በርከክ አለ። «አባቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ከወንድሜ ጋር በምን ትተዋወቁ ነበር?»

መናገር አልቻልኩም። ስለዚህ ወዴት እየሄድኩ እንደነበር ላሳየው ብዬ ጣቴን ወደ ኮሶው ዛፍ ቀሰርኩ።

ጣት መቀሰር እንዲህ አደገኛ ነገር ነው! የሟቹ አማች ከተቀመጠበት ዘለለ። «አላልኩህም አቶ ተሰማ? የኮሶው መሬት ወሰን ነገር አላለቀም ብዬህ አልነበረም? ይኸው፣ ምስክሩ ራሱ መጣ!»

«ምስክር ነው ወይስ ባለመብት?»

«አለቃቀሱን አታይም? ባለመብት ነው!»

«ባለመብት እንዲህ አያለቅስም፤ ውስጥ ውስጡን ይስቃል እንጂ!»

«ሽማግሌ ይግባበት! ሽማግሌ!»

«ሽማግሌውማ ይኸው፣ እሱ ነው የሚያለቅሰው!»

ይህን ጊዜ ነው ነፋሱ ያመጣው።

«ያ አባ ዳኩ! አከም ቡልቴ?»

ሩቅ ነው፤ ግን የእሱ ነው። ተነሣሁ። አቶ ተሰማ በግራ፣ አማችዬው በቀኝ ያዙኝ። እነሱ ወሰኑን ሊያሳየን ነው ብለዋል፤ እኔ ጣቴን እንደቀሰርኩ ነኝ። ለቀስተኛው በሙሉ፣ እትዬ ድንቄም ጭምር፣ ከኋላ ተከተለ። ትንፋሽ ኖሮኝ ቢሆን እስቅ ነበር፤ ወዳጄን ሰላም ልል ስሄድ የሌላ ሰው ለቅሶ ሙሉውን አጅቦኝ! ልንገራችሁ፣ እነሱ ባይኖሩ ኮሶው ሥር አልደርስም ነበር።

ደረስን። ይህ ዛፍ እንዴት እንደናፈቀኝ! ልጡ ያው ነው፤ የምደገፍበት ጎኑ እንዲያውም የለሰለሰ ይመስላል። ማዶ፣ አፋፉ ላይ፣ ጥምጥሙ ነጭ ሆኖ አንድ ሰው ምርኩዝ ተደግፎ ቆሟል። ሰውነቱ ከገብስ ፍሬ አይበልጥም። ዓይኔ እንባ አዘለ፤ ዛሬ የመጀመሪያው እውነተኛ እንባ ይህ ነበር፤ የሚያሳዝነው ማንም አላየልኝም።

ሰው ሁሉ ጠጋ አለ፤ ወሰኑን ሊሰማ። እኔ በአፍንጫዬ ሳብኩ፣ ከንፈሬን አሾልኩ፣ ያለኝን አየር ሁሉ ሰበሰብኩና፣

«ነጋ…»

ከሥሬ ሣር የምትግጥ ፍየል ነበረች። እሷ እንኳ ጆሮዋን አላነሣችም።

«ምን አለ?» አለ አማችዬው።

ሥሩ ላይ ተቀመጥኩ። ክርኔን ጉልበቴ ላይ ጣልኩ፣ ሲስተር እንዳሳየችኝ። ቃሉን እየቆነጠርኩ አወጣሁት። «መሬት… አልፈልግም። ሟቹንም… አላውቀውም። ማዶ ያለው… ወዳጄ ነው። ሞቷል… ይለኛል። አልሞተም… በሉልኝ።»

«ታዲያ ለወንድሜ ያለቀሱትስ?» አለ አቶ ተሰማ።

«ትንፋሽ… አጥሮኝ ነው።»

ምርኩዜን ቀምቶ የሚመታኝ መሰለኝ፤ እኔ ብሆን እመታለሁ። እሱ ግን መሬት መሬቱን አየ። «እኛ ትንፋሽ እያለን አላለቀስንለትም» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ አልቃሿ ዞረ። «ድንቄ፣ ድምፅሽን አውጪ!»

እትዬ ድንቄ ሳትጠየቅም ተዘጋጅታ ነበር። «አልሞተም!» ብላ ስትለቀው ኮሶው ላይ ያሉት ወፎች በሙሉ ተነሡ። ሌላውም ተቀበላት። «አልሞተም! አልሞተም!» ለቀስተኛ ሁሉ፣ ጥቁር የለበሰው ሁሉ፣ አፋፉ ላይ ተሰልፎ «አልሞተም!» ይላል። ከታች በመንገዱ ለለቅሶ የሚመጡ ዘመዶች ይህን ሰሙ። አንዱ በቅሎውን አዙሮ ሸሸ። አንዲት ሴትዮ እልል አለች። ምስኪኑ የቅቤ ነጋዴ በሕይወቱ እንዲህ ተብሎለት አያውቅም።

ከማዶም መለሰ፤ «እናንተ ማናችሁ? እኔ እናንተን አልጠራሁም!»

«የአባ ዳኩ ወዳጆች ነን! ደኅና ነው!» አለች ድንቄ።

«ደኅና ነው የሚባለውንማ አውቃለሁ! ራሱ ይበለኝ!»

አላልኳችሁም? አውቀዋለሁ እኮ። ሃምሳ ሰው ቢጮህለትም አያምንም። እንዲያውም የጮኸው ሰው በበዛ ቁጥር መርዶው ከበደ። ጥምጥሙን ሲያስተካክል አየሁ፤ ሊቀመጥ ነው፣ ለዱዓ። እጄን አነሣሁ፤ ከዚያ ርቀት እጅ ያው እጅ ነው፣ የማንም ሊሆን ይችላል። ምን ቀረኝ?

ተነሣሁና ጋቢዬን ከትከሻዬ አወረድኩ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ አደርገው እንደነበረው፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ አራገፍኩት። ደግሜ አራገፍኩት።

ማዶ ያለው ነጭ ጥምጥም ባለበት ቆመ። ከዚያ ያ ሳቅ ወንዙን ተሻግሮ መጣ፤ አህያ የሚያስደነግጠው ሳቅ።

«ተው አንተ! የእኔን ዱቄት ነው የምታራግፈው!»

አቶ ተሰማ ነገሩ ሳይገባው ሳቀ። እኔም ልስቅ «ቆዩኝ፣ ቁጭ ልበል» አልኩ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሁሉም ጠበቁኝ። ኦቦ አማንም በበኩሉ አፋፍ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። እኔ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ፣ ወንዙ መሐላችን። ፀሐይዋ ጥሩ ነበረች። ብዙ ቆየን፤ የምንባባለው አልነበረም። ይህን ያህል ዓመት ናፍቄው የነበረው ጩኸቱ ብቻ እንዳልሆነ እዚያ ነው ያወቅሁት።

ሊሄድ ሲነሣ እንደገና ተጣራ። «መልስህን ግን አልሰማሁም! ጋቢህ ነው ያናገረኝ! አንዲት ነጋ አለችብህ! ቅዳሜ እጠራለሁ!»

ለቀስተኞቹ ቤቴ ድረስ ሸኙኝ፤ ይህን ያህል ሰው ይዤ ስገባ አስካለ በሩ ላይ ቆማ ልትጮህ ነበር፤ በእግሬ እየሄድኩ መሆኔን አይታ ነው የተወችው። አማችዬው ሲሰናበተኝ፣ ወሰኑን በእርግጥ አላውቀውም ወይ ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ።

አሁን ከሰዓት በኋላ ነው። በራፌ ላይ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ፤ በመሐል በመሐል ብዕሬን አስቀምጬ እሞክራታለሁ። በአፍንጫ መሳብ፣ ከንፈር ማሾል፣ አጥሚቱ እንዳይረጭ ቀስ ማለት። «ነጋ!» ስል ዶሮዎቹ ዞር ብለው አዩኝ። ትናንት ስሞክራት አላዩኝም ነበር። ከዶሮዎቹ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ ኮሶው፣ ከኮሶው እስከ ወንዙ ገና ሩቅ ነው። እስክትሻገር ድረስ ግን ለኦቦ አማን አንዲት ነጋ አለችብኝ።